የሣጥን ውስጥ ሳንቲሞቻችን እንዴት ይያዙ?

እናቴ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤቷ ከአልጋዋ ሥር የምታስቀምጠው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት። በውስጡ ያለውን ሁላችንም ልጆቿ እናውቅ ነበር፤ ወይም የምናውቅ ይመስለን ነበር። ጠገራ ብር፣ ሽልንግ፣ ስሙኒ፣ ጥቂት ቀያይ ሳንቲሞች፣ ከእነርሱም ጋር ሁለት አዝራርና የየት እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ቁልፍ። በ2012 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ እርሷ በሄድኩበት ጊዜ ግን የቆርቆሮው ነገር እንደ ቀድሞው አልነበረም። አባታችን ካረፈ ዓመት ሞልቶት ስለነበረ ታላቅ ወንድሜ ከአንድ ብር ገዥ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ፣ «በሚዛን ይወስዳቸዋል፤ ገንዘቡን ለአራታችን እኩል እንካፈላለን» የሚል ሐሳብ ይዞ ቆየን።

እናቴ እምቢ አላለችም። «ልጆቼ ናችሁ፤ ከተስማማችሁ እኔ ምን ከለከልኳችሁ» አለችና ቆርቆሮውን አምጥታ ነጠላዋ ላይ ዘረገፈችው። ከዚያም አንድ በአንድ እያነሣች በጣቷ ትዳብሳቸው ጀመር። የዓይኗ ብርሃን መድከም ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ስለነበረ የምትለያቸው በመዳሰስ ነበር። «ይኼ የእናቴ ነው፤ ጆሮ አለው። ይኼ አባታችሁ ከአባቱ ወርሶ ለጥሎሽ ያመጣልኝ ነው፤ ዳሩን ጥርስ ነክሶታል። ይቺ ሽልንግ ደግሞ ፈትዬ መጀመሪያ የተከፈለኝ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው» እያለች ቀጠለች። ወንድሜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለዚያ ሁሉ ዘመን ከአልጋ ሥር ስናየው የኖርነው ቆርቆሮ ከእናታችን ጣቶች በቀር ሌላ መዝገብ እንዳልነበረው የገባን ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ቆጥራ ስትጨርስ ጠገራዎቹ ስድስት ሆኑ። «ሰባት ነበሩ» አለች። ወንድሜ አቀርቅሮ አንዱን ነጋዴው ለናሙና እንደወሰደው ነገራት። የዚህን ነገር መጨረሻ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የቤቴን ጉዳይ ለማንሣት የተገደድኩት የብዙዎቻችሁም ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። በቡሬም ሆነ በደንበጫ፣ በገጠርም ሆነ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ብትሆኑ የእናታችሁን ወይም የአማታችሁን ሙዳይ ከፍታችሁ ብታዩ አንድ አሮጌ ገንዘብ ላታጡ ትችላላችሁ። ባለፈው ክረምት ከቡሬ የጻፈችልን አንዲት መምህርትም የአሥር ዓመት ልጇ አሮጌ ሳንቲም እየለቃቀመ በካልሲ ውስጥ በማጠራቀም እንዳስቸገራትና ይህን ነገር ትከልክለው ወይስ ታግዘው እንደሆነ እንድንመክራት ጠይቃለች። ምክራችን እንድታግዘው ነው። ካልሲውን ግን ትንጠቀው።

በመጀመሪያ በእጃችን ያለው ገንዘብ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠገራ ብር፣ በሌላ ስሙ ማርትሬዛ የምንለው፣ የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ሲሆን በገንዘቡ ላይ የሚነበበውም ዓመት ያው 1780 ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያና በአገራችን የነበረው ነጋዴ መልኩ የተለወጠ ገንዘብ አልቀበልም ይል ስለነበረ ከሞተችም በኋላ ያው መልክ ከነዓመቱ ሳይነካ እየተመታ ቀጠለ። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሃያኛው መቶ ዓመት በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ስለዚህ በእናታችሁ አንገት ያለው ጠገራ 1780 የሚል ስለሆነ ብቻ የዚያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

አገሬው ገንዘቡን የሚቀበለው እንዲሁ አልነበረም። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው ፈርጥ ያሉትን ነጥቦች በዓይኑ ይመረምር ነበር፤ ነጥቡ የጠፋ፣ መልኩ የለሰለሰ ጠገራ ይመለስበታል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከአንድ ሺህ እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ይኸውም በአንድ ጠገራ ውስጥ 23 ግራም ተኩል የማይሞላ ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። በዳሩ ዙሪያ የተጻፈው የላቲን ቃል «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም አለው።

በራሷ ላይ ሻሽ መስሎ የሚታየው ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት የምትከናነበው መሸፈኛ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ በዚሁ ዓይነት መልክ ነው የተቀረጸችው። 16 ልጆችም ወልዳለች። ይህን ለእናቴ ባጫወትኳት ጊዜ ጠገራውን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ «እንግዲያ እሷም እንደኔ ባሏን ቀብራ ኖሯል! ይኼን ሁሉ ዓመት አንገቴ ላይ ይዣት ስዞር አልነገረችኝም» ብላ ሳቀች።

ወደ ጎጃም ስንመለስ ጠገራ እዚህ የተለየ ታሪክ አለው። ቡሬ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ንግድ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። በርበሬው፣ ሰሙ፣ ማሩና ቡናው በሚገበይበት በዚያ ዘመን ለጥቃቅኑ ነገር አሞሌ ጨው፣ ለበቅሎና ለሰንጋ ደግሞ ጠገራ ይከፈል ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት በጎጃም በኩል የገባው ጦርም ለሰውና ለስንቅ የሚከፍለውን ጠገራ በግመል አስጭኖ ነው የመጣው። (በነገራችን ላይ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም የሚፈስ ብር የሚባል ወንዝ አለ። ልጅ ሳለን ውኃው ውስጥ ጠገራ ይገኛል እየተባለ ብዙ አሸዋ አገላብጠናል።)

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ገንዘብ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ሲሆን የተሠራው በፓሪስ ነው። ሙሉው ብር፣ ግማሹ አላድ፣ ከዚያም ሩብ፣ ታሙንና ግርሽ ነበሩት። ይህ ገንዘብ ያማረ ቢሆንም በገጠር ጠገራን ማስለቀቅ አልቻለም። ከ1923 ዓ.ም. ደግሞ መቶኛ የሚባሉት የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች አሉ፤ እነዚህን በገበያችን አካባቢ ብዙም አላየሁም። በየቤቱ የሚበዛው 1936 ዓ.ም. የሚለው ነው። አንዱ፣ አምስቱ፣ አሥሩና ሃያ አምስቱ ሳንቲም ቀይ ሲሆኑ ሃምሳው ወይም ሽልንጉ የብር ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ከአዲሱ የወረቀት ብር ጋር ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያው 1936 እየተጻፈበት ተመትቷል፤ የጠገራው ነገር በእኛም ገንዘብ ደረሰ ማለት ነው።

ስለ ስሙኒ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የ1936ቱ ስሙኒ በመጀመሪያ ዳሩ ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለተቀራረበ አንዳንድ ብልጦች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። በዚህም ምክንያት ከገበያ ተሰብስቦ ዳሩ እንደ አበባ እየተቆረጠ ተመለሰ። ስለዚህ ዳሩ ያልተቆረጠ ክብ ቀይ ስሙኒ ካገኛችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ከዚያ ወዲህ ያለው 1969 ዓ.ም. የሚለው ነው። በሁሉም ላይ የአንበሳ ራስ አለ። በጀርባው፣ በአንድ ሳንቲሙ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ወታደር፣ በአሥሩ የደጋ አጋዘን፣ በስሙኒው እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሽልንጉ ደግሞ ብዙ ሰዎች ይታያሉ። የአንድ ሳንቲሙ ቀላልና ነጭ አሉሚኒየም ነው። ዛሬ የከተማ ልጅ ይህን ሳንቲም አይቶት አያውቅም። በ2002 ዓ.ም. የወጣውና በሁለት ዓይነት ብረት የተሠራው፣ ሚዛን ያለበት የአንድ ብር ሳንቲምም ከሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ለልጅ ስብስብ መጀመሪያ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፤ ብዙ ወጪ የለባቸውምና።

በገንዘቡ ላይ ያለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ወጣቶች ይቸገራሉ። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፱፻፴፮ ማለት 1936፣ ፲፱፻፷፱ ማለት 1969 ነው። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ልጅ አብዛኛውን የቤት ገንዘብ ሊለይ ይችላል። የግዕዝ ቁጥር ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አላየሁም።

እንግዲህ ወደ አያያዙ እንምጣ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ አታጥቡ፣ አትፈትጉ። ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጥምቀት ሲደርስ እናቴን ደስ ላሰኝ ብዬ ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ያለውን ሁሉ በአመድና በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ እንደ መስታወት አደረግሁት። እናቴ መርቃኛለች። ጎረቤቶቻችንም «የማን ልጅ!» ብለዋል። ዛሬ በአጉሊ መነጽር ስመለከታቸው ግን የንግሥቲቱ ጉንጭ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል፤ የሽልንጉ ጽሕፈትም ደብዝዟል። ብር የሚጠቁረው በአየርና በጭስ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ያ ጥቁረት ስስ ሽፋን እንጂ ብልሽት አይደለም። አመድ ሲፈትገው ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን ብሩም አብሮ ይሄዳል፤ ሎሚው ደግሞ መዳቡን ይበላዋል። አፈር ካለበት ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎ ሳይፈትጉ ማውጣትና በለስላሳ ጨርቅ እየተጫኑ ማድረቅ ይበቃል። በሚገባ ሳይደርቅ መልሶ ማስቀመጥ ግን ከአመዱም የከፋ ነው።

ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ኪስ ኪስ ያለው ለስላሳ ላስቲክ አልበም ገዛሁና የራሴን ስሙኒዎች ደረደርኩበት። ያማረ መስሎኝ ነበር። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ስከፍተው በሦስቱ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ወጥቶባቸዋል። ኋላ እንደተረዳሁት ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ላስቲክ እየቆየ ሲሄድ መዳብን የሚበላ አሲድ ያወጣል። ይህ ዓይነቱ ላስቲክ አዲስ ሳለ ሽታው ይከብዳል፤ በጣት ሲነኩት ይለጥፋል። ለገንዘብ የሚስማሙት ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊየስተር የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ ሽታ የላቸውም፣ ሲያጣጥፏቸውም ደረቅ ድምፅ ያሰማሉ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ከሆነ ላስቲኩን ትታችሁ ወረቀት ያዙ።

ጎጂ ነገር ይህ ብቻ አይደለም። የብር ገንዘብ በጎማ ማሰሪያ ማሰር፣ በሱፍ ጨርቅ መጠቅለል አይገባም፤ ሁለቱም ድኝ አለባቸው። በአሮጌ ጋዜጣም አትጠቅልሉ። የጋዜጣ ወረቀት አሲድ አለበትና ከጊዜ በኋላ ያጠቁረዋል። የጋዜጣ ሰው ሆኜ ይህን መጻፌ ይከብደኛል፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ጉዳይ አውሉት። እጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበትና በወጥ ቤት አጠገብ ያለ መደርደሪያም አይመችም። ሲያነሡም የላብና የቅባት አሻራ እንዳያርፍበት ዳርና ዳሩን ብቻ መያዝ ነው።

አሁን ማኅደሩን እንሥራ። በአሜሪካ በፈረንጆች 1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት በዚያ የችግር ዘመን፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ሳንቲም አንዳንድ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ሰሌዳ እየተሸጠ ቤተሰቡ ከገበያ መልስ የሚያገኘውን ሳንቲም እየመረጠ ቀዳዳውን ይሞላ ነበር። የእኛ ገንዘብ የዓመቱ ዓይነት ጥቂት፣ መጠኑ ግን ልዩ ልዩ ስለሆነ ከቀዳዳው ይልቅ የወረቀት ኪስ ይሻለናል። እኔና እናቴ የሠራነው እንዲህ ነው።

ጽሑፍ የሌለበት ጠንካራ ነጭ ወረቀት ወስዳችሁ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንደኛው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ እጠፉት፤ ከላይ የሚተርፈው አንድ ሴንቲ ሜትር ክዳን ይሆናል። ግራና ቀኙን አንዳንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባ አጥፋችሁ በነጭ የጥጥ ክር ስፉት። ሙጫ ብዙም አልወድም፤ የዱቄት ሙጫ ነፍሳት ይጠራል፣ ሌላውም ከገንዘቡ ጋር ቢነካካ አይለቅም። ስቴፕል ሽቦም ይዝጋል፤ ሲነቀልም ገንዘቡን ይጭራል። በክር የተሰፋ ኪስ ጠገራውንም ሆነ ትንሿን ሳንቲም ይይዛል። እናቴ ዓይኗ ባያይም እኔ ከቆረጥኩላት ወረቀት አሥራ አራቱን በመዳሰስ ብቻ ሰፍታለች፤ ስፌቷም ከእኔ ስፌት ቀጥ ያለ ነው።

ኪሱን ከሰፋችሁ በኋላ ገንዘቡን ሳትከቱ በፊት በእርሳስ ጻፉበት። ከከተታችሁ በኋላ የምትጽፉ ከሆነ የእርሳሱ ጫና በገንዘቡ ላይ ምልክት ይተዋል። ቀለሙ ስለሚያልፍ እስክሪብቶ አይመከርም። ከዚያም ኪሶቹን በክላሰር ልክ በተቆረጠ ጠንካራ ካርቶን ላይ ከታች በኩል ሰፍታችሁ አያይዙ። በአንድ ገጽ ሦስት በሦስት ተደርድረው አራት ረድፍ፣ አሥራ ሁለት ኪስ ይይዛል። ጠገራ ግን ከባድ ስለሆነ በአንድ ገጽ ከስድስት አታብዙ፤ ካርቶኑ ይጎብጣል። ክላሰሩን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ሳይሆን አጋድማችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አኑሩት። በፍኖተ ሰላም ክረምት ግድግዳው እንኳ ላብ ያወጣል። በአዲስ ጫማና በቦርሳ ሣጥን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብሮ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ከገንዘቡ ጋር ግን አታነካኩት። በየጊዜው እየከፈቱ ማየትም ደግ ነው፤ በቀይ ሳንቲም ላይ ብሩህ አረንጓዴ ዱቄት ከወጣ ያን ሳንቲም ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት።

ሕፃን ልጅ ያላችሁ እናቶች ሥራውን ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት አድርጉት። ሳንቲም የዋጠ ልጅ ካጋጠማችሁም በቤት ውስጥ ሕክምና ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስለ አደራደሩ ከወንድሜ ጋር ተከራክረናል። እርሱ በመጨረሻ ከሥራው ጋር ተባብሮ፣ የምኒልኩ ቀድሞ፣ ከዚያም የ1936ቱ፣ ከዚያም የ1969ኙ እየተባለ በዘመን ይደርደር አለ። ለልጅ ስብስብና ለትምህርት ይህ ትክክል ነው። ለቤተሰብ ገንዘብ ግን የእናቴ ሥርዓት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እርሷ የደረደረችው በሰው ነው። የመጀመሪያው ገጽ የእናቷ፣ ሁለተኛው የአማቷ፣ ሦስተኛው የባሏ፣ አራተኛው የእርሷ። በእርሷ ገጽ ላይ ያለው አንድ ሽልንግና ሁለት ስሙኒ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከሁሉ ረዥም ታሪክ የተጻፈው ለዚያች ሽልንግ ነው። ማን ጥጡን እንደሰጣት፣ ስንት ሳምንት እንደፈተለችው፣ በተከፈላት ዕለት ሽልንጓን በጉያዋ አድርጋ እንዴት እንደሮጠች ሁሉ አለበት። እናቷ «አስቀምጪያት» ስላለቻት ሳትበላት ቀረች።

ታሪኩ በኪሱ ላይ ስለማይበቃ በደብተር ይጻፋል። በኪሱ ላይ ቁጥር፣ በደብተሩም ያው ቁጥር ይኑር። በደብተሩ ላይ የገንዘቡ ዓይነት፣ የሚነበበው ዓመት፣ ልዩ ምልክቱ፣ ማን ከማን እንዳገኘውና ይህን የነገረው ማን እንደሆነ ይጻፍ። የመጨረሻውን አትርሱ፤ ሁለት እኅትማማቾች ስለ አንድ ጠገራ ሁለት ታሪክ ቢናገሩ ሁለቱንም ከነስማቸው ጻፉ እንጂ ዳኛ አትሁኑ። በእጅ ስልክ ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ ማንሣትም ዛሬ ቀላል ነው። ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ማስረጃ ይሆናል። ክፍፍል ቢመጣም ገንዘቡ ለየልጁ ይሰጥ ይሆናል፣ የደብተሩ ግልባጭ ግን ለሁሉም ይድረስ። እኛ ቤት የተስማማነው በዚህ ነው።

ስለ ዋጋው የሚጠይቁ አሉ። እውነቱን ለመናገር በተራ ጠገራ የሚከበር ሰው የለም። በጣም ብዙ ስለተመታ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በውስጡ ላለው ብር ነው፤ ጆሮ የተበየደለትና የተበሳው ደግሞ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል። መሸጥ ነውር አይደለም። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሸጠችም እናት አውቃለሁ፤ ደግ አደረገች። ግን የምትሸጡ ከሆነ በቤታችሁ አስቀድማችሁ መዝኑ፣ በማግኔት ሞክሩ። ንጹሕ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ማግኔትም አይስበውም። ለናሙና ብላችሁ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አንዲት እንኳ ከእጃችሁ አታውጡ። ከአክሱም ዘመን የመሰለ ጥንታዊ ገንዘብ በእርሻ ወይም በመሠረት ቁፋሮ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለ ግኝት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው።

ነጋዴው ለናሙና የወሰደውን ጠገራ ለማስመለስ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። በመጀመሪያ «ነገ ና» ተባለ፤ ሁለተኛ ቀን ሱቁ ተዘግቶ አገኘው፤ በሦስተኛው ከሌሎች ጋር ቀልጦ ጌጥ እንደሆነ ተነገረው። ገንዘቡን ተቀብሎ መጣና በእናቴ መዳፍ ላይ አኖረላት። እርሷም የወረቀቱን ብር ቆጥራ መልሳ ሰጠችውና፣ «አንድ ኪስ አልሰፋሁም፤ ወረቀት ቁረጪልኝ» አለችኝ። ሰፍታ ስትጨርስ እኔ እንድጽፍበት አዘዘችኝ። በአንደኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ኪስ ጽሑፉ የሚከተለው ነው፦

«ቁጥር 7። ጠገራ ብር። ከንግሥቲቱ ራስ በላይ የተበሳ። የእናቴ ታላቅ እኅት ለክርስትናዬ በአንገቴ ያሰረችልኝ። በጥር 2012 ዓ.ም. ለናሙና ተወስዶ አልተመለሰም። የተናገርኩት እኔ፣ የጻፈችው ልጄ።»